ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ

ሱዕዲ ጨርቅ ጭና ከደወሌ ጅጅጋ ለመድረስ ስድስት ቀን ፈጅቶባታል። ባቡሩ አዲጋላ ላይ ሁለት ቀን ቆመ፤ ከድሬዳዋ ያሳፈራት የጭነት መኪና ደግሞ ካራማራ ዳገት ላይ ጎማው ፈነዳ። ብርቄ ይህን ሁሉ ገና በር ላይ ከእንግዳዋ አፍ ተቀብላ፣ አሁን ለዚያችው እንግዳ መልሳ እያወራችላት ነው።

"ሁለት ቀን? በዚያ ሙቀት? ውሃስ ነበረ? እኔ ብሆን እዚያው አዲጋላ ባል አግብቼ እቀር ነበር።"

መልስ አልጠበቀችም። ብርቄ ስታወራ መልስ ለመስጠት ቀዳዳ ያገኘ ሰው በጅጅጋ እስካሁን አልታየም።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነሐሴ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል። ቦታው ከከተማው አዳራሽ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የብርቄ የልብስ ስፌት ቤት፣ አንድ ክፍል። በክፍሉ መሐል፣ በተደፋ የለስላሳ ሣጥን ላይ፣ አንድ የአርባ አራት ዓመት ሰው ቆሟል። የሺጥላ ይባላል። የአውራጃው የኪነት ባለሙያና የወጣቶች ቴአትር ቡድን አዘጋጅ ነው። የለበሰው የካኪ ሱሪ ግን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የተሰፋ ነው። ወገቡ ተተርትሮ፣ ጎንና ጎኑ ተለቆ፣ በሃያ ሦስት ስፒል ተይዟል። ቢራመድ ይወጋዋል፤ ቢቀመጥ ደግሞ ይበልጥ ይወጋዋል።

ኮቱ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። በውስጥ ኪሱ አራት መስመር ያላት፣ እሱ የፈረመባት ደብዳቤ አለች። ዲሪዬ የተባለው ተዋናይ ሐምሌ 26 በቀረበው ትርዒት ላይ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር በጽሑፉ ያልነበረ፣ አዘጋጁም ያላስተማረው፣ ልጁ ከራሱ የጨመረው መሆኑን ታረጋግጣለች። የአውራጃው ኃላፊ ለየሺጥላ ሁለት ምርጫ ሰጥቶታል፤ ወይ ደብዳቤው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ይግባ፣ ወይ እሱ ራሱ መጥቶ ዓረፍተ ነገሩ ከማን አፍ እንደወጣ ይናገር። ደብዳቤው ከገባ ዲሪዬ ከቡድኑ ይሰረዛል። ከቡድኑ የተሰረዘ ልጅ ስሙ ወደ ቀበሌ ይመለሳል፤ ቀበሌው ደግሞ በዚያው ሳምንት ለብሔራዊ ውትድርና ስም እየለቀመ ነበር። ይህን የሺጥላ ያውቃል። ደብዳቤውን የተየበችው ኬሪያ የብርቄ የጓሮ ጎረቤት ስለሆነች ብርቄም ታውቃለች። ከሰኔ ጀምሮ ከከተማው የራቀችው ሱዕዲ ብቻ ምንም አልሰማችም።

ብርቄ ሁለት ስፒል በከንፈሯ ይዛ ተንበረከከች።

"ያመለጠሽ ነገር ሱዕዲዬ... አንቺ ባቡር ስትጠብቂ እኛ እዚህ ቴአትር አየን። እኔ ቴአትር ምን አውቃለሁ? የማውቀው የሱሪ ጠርዝ ነው። ብቻ አንድ አስተማሪ አሉ። የት ናቸው ብትይኝ አላውቅም፤ ከተማው ሰፊ ነው። እንደሳቸው ያለ ትጉህ በዓይኔ አላየሁም። ዘጠኝ ልጅ ይዘው አንዱን ቃል ሃምሳ ጊዜ! ሌላው አስተማሪ ልጁን 'አስብ' ይለዋል። እሳቸው ልጁን ከማሰብ አሳረፉት። ይሄ ደግነት አይደለም? ጌታዬ፣ አይንቀሳቀሱ፣ ይወጋዎታል..."

የሺጥላ አልተንቀሳቀሰም።

ስለ አስተማሪው የምታወራው ነገር ሐሰት አልነበረበትም። ቡድኑ ያለው የጽሑፍ ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ ከዘጠኙ ልጆች አምስቱ አማርኛ የሚያነቡት እየተንተባተቡ ነው። ስለዚህ የሺጥላ ይናገራል፣ ልጆቹ ይደግማሉ። ከስድስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ተመድቦ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን የሰጣቸው ትእዛዝ "ልክ እንደኔ፤ አንድ ሳትጨምሩ፣ አንድ ሳትቀንሱ" የሚል ነበር። ያልገመተው ልጆቹ ይህን ትእዛዝ ከእሱ በፊት የሚያውቁት መሆኑን ነው። ሁሉም በዱግሲ፣ በቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ያደጉ ናቸው። በመምህራቸው በመዓሊሙ ፊት የእንጨት መጻፊያ ሎሃቸውን ታቅፈው ተቀምጠው፣ የሰሙትን በሰሙበት ትንፋሽ መመለስ የለመዱ። ለእነሱ ከአስተማሪ አፍ የወጣን ነገር ማሳጠር ስህተት ብቻ ሳይሆን ነውርም ነው።

የሺጥላ ደግሞ ከትልቅ ቃል በፊት ሁለት ጊዜ ይስላል። ቀጥሎ መነጽሩን በሌባ ጣቱ ወደ ላይ ይገፋል። ይህን ማድረጉን እስከ ሐምሌ 26 ድረስ አያውቅም ነበር።

"ከዘጠኙ አንዱም መነጽር የለውም" አለች ብርቄ። "ዘጠኙም መነጽራቸውን ገፉ! የዐዎን ልጅ ሉልን ታውቂያታለሽ አይደል? እናት ሆና ወጣች። ልጇ ለመሠረተ ትምህርት ሊዘምት ነው፣ ትሰናበተዋለች። እህህ፣ እህህ... አፍንጫዋ ላይ የሌለውን ነገር ገፋች፤ 'ልጄ ሆይ' አለች። ቀጥሎ አባትየው፤ እህህ፣ እህህ። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ። ቤተሰቡን ሁሉ አንድ በሽታ የያዘው ነው የመሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ... ለካ ትምህርት ነው። እንዲህ አድርጎ ማስተማር ማን ይችላል? እናት እንኳ ዘጠኝ ወልዳ ዘጠኙም እሷን አይመስሏትም።"

ሱዕዲ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

የሺጥላ ያን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ነበር። ዘጠኝ የሺጥላዎች መድረኩ ላይ ሲተራመሱ አይቷል፤ አንደኛዋ ቀሚስ ለብሳ ነበር። አሁን ከተተረተረው ካኪ የሚነሳው ብናኝ ጉሮሮውን ይበላዋል። ማሳል ፈለገ። በዚህች ሰዓት፣ በዚህች ሴት ፊት ማሳል እንደማይቻል ግን ተረድቶ ዋጠው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ብርቄ ወደ ሌላው እግር ዞረች። የመጨረሻው ንግግር ታሪክ ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ትርዒቱ ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው ከጽሕፈት ቤቱ ግማሽ ገጽ ወረቀት መጣ፤ ኃላፊው በገዛ እጁ የጻፈው መዝጊያ፣ በዋናው ተዋናይ አፍ የሚነገር። ልምምዱ ላይ መብራት ጠፋ። እሷም የዲሪዬን ሱሪ ልታስለካ እዚያው ነበረችና ሻማ ያዢ ተባለች።

"ያዝኩ። ሰሙ እጄ ላይ እየተንጠባጠበ ያዝኩ። ምን ሰማሽ ብትይኝ... ምንም። እኔ ሻማ ስይዝ አልሰማም። ምን እንዳየሁም አትጠይቂኝ፤ ዓይኔ ደካማ እንደሆነ ታውቂያለሽ።"

እሷ ያልተናገረችውን የሺጥላ ያስታውሰዋል። ወረቀቱን ወደ ሻማው አስጠግቶ አነበበ፤ "ብዕር ጠብመንጃ ነው! ጠመኔ ጥይት ነው! ጥቁር ሰሌዳ ግንባር ነው!" ዲሪዬ ደገመ። የሺጥላ ሁለት ጊዜ ሳለ፣ መነጽሩን ገፋ፣ በዚያው ድምፅም፣ "ይህን የጻፈ ሰው እሱ ራሱ መሠረተ ትምህርት ያስፈልገዋል" አለ። ዲሪዬ ደገመ። የሺጥላ ይህን ጊዜ ክብሪት እየፈለገ ነበርና ልብ አላለውም። ልጁ አንዴ የሰማውን አይጥልም፤ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ አራት መቶ ሰው በሞላው አዳራሽ፣ ኃላፊው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ዲሪዬ ንግግሩን አደረሰ። ሁለት ጊዜ ሳለ። የሌለ መነጽር ገፋ። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው፣ ጥርት አድርጎ ተናገረ። ሳቁ አራት ደቂቃ ያህል ቆየ። አንድ የሚሊሺያ አባል ከወንበር ወደቀ። ኃላፊው አልሳቀም።

"ሕዝቡ ለምን እንደሳቀ እኔ አልገባኝም" አለች ብርቄ። "ኋላ ተጣራ። ልጁ ከራሱ ጨምሮ ነው ተባለ። ተባለ ነው የምልሽ፤ እኔ አላልኩም። ከራሱ ጨመረ... እሺ። ሳሉንም ከራሱ ጨመረ ማለት ነው። መነጽሩንም። አየሽ የዘንድሮ ልጅ? አስተማሪው ያላሰበውን ሁሉ አስቦ ይጨምራል።"

ስፒል ሰካች።

"አስተማሪው ግን ሰው ናቸው። ሌላ ደራሲ እኮ አንድ የረባ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ከወጣ ዕድሜ ልኩን 'የኔ ነው፣ የኔ ነው' ሲል ይኖራል። እሳቸው በስድስት ዓመት ውስጥ አንዲት ሕዝብ ያሳቀች ቃል ቢገኝ፣ እሷኑ ለተማሪያቸው ሰጡ። ስማቸውን እንኳ አልፈለጉባትም። እንዲህ ያለ ቸርነት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማር፣ መቶ አለቃ ነበር፤ ወታደሮቹ ያጠፉትን 'እኔ ነኝ ያዘዝኩ' እያለ ማዕረጉ እዚያው ቀረ። ሞኝ ነበር። ትምህርት ስለሌለው ነዋ..."

በግድግዳው ማዶ ልጆቹ ሐረር ላይ ለሚካሄደው የቴአትር ውድድር እየተለማመዱ ነው። ከትርዒቱ በኋላ የሺጥላ ሳሉን እንዲተዉት አዝዟቸው ነበር። ልጆቹ ግን ከዚያ ወዲህ ግራ ገብቷቸዋል፤ ከተማሩት ውስጥ የትኛው ቴአትሩ፣ የትኛው ሳሉ እንደሆነ መለየት አልቻሉም። አሁን የሉል ድምፅ መጣ፤ "ልጄ ሆይ" ብላ ቆመች።

ብርቄ ወደዚያ ጆሮዋን ሰጥታ ቀጠለች። ልጁ የቆመበትን ጉባኤ ለሱዕዲ ነገረቻት። ዲሪዬ በወጣቶች ማኅበር ሂስና ግለ ሂስ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ተጠይቋል። ዓረፍተ ነገሩን ማን ሰጠህ፣ የት ሰማኸው፣ ከኋላህ ማን አለ? የሺጥላ ከመድረኩ ጎን ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጦ ነበር። ልጁ አንዴም ወደ እሱ አላየም።

"ምን ብሎ መለሰ መሰለሽ ሱዕዲዬ? 'ረሳሁ' አለ። ወላሂ። 'ረሳሁ' አለ! አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በአሥራ አንድ ዓመቱ ሠላሳውን የቁርኣን ጁዝ በቃሉ የዘለቀ ልጅ። መዓሊሙ አንዲት ፊደል አልሳተም ብለው የመሰከሩለት። ያ ልጅ ረሳ። አስተማሪው ልጁ ከሚረሳ ቢያስታውሱት ምን ነበረ? ግን ሥራ ይበዛባቸዋል... ሳይሰሙ ቀርተው ይሆናል። ወንበራቸው ከልጁ ሁለት እርምጃ ራቅ ይል ነበር።"

የሺጥላ ሰዓቱን አየ። ስምንት ከሠላሳ አምስት። ብርቄ እንዲፈጥንለት ጠይቋት ነበር። እሷ ግን ስፒሉን ነቅላ፣ ቦታውን አይታ፣ መልሳ እዚያው ትሰካዋለች።

"አሁን ደግሞ ምን እንደሰማሁ ልንገርሽ? ሐረር ላይ ወጣቱን ዘማች ሆኖ የሚሠራው በሰል ያለ ሰው ነው አሉ። ልጅ አይደለም፣ ረጋ ያለ። ደስ አለኝ። ዕድሜ ምንድነው? ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ራሰ በራ ቢያይ መብራቱ ነው ይላል። ሉል ብቻ ነች ያሳዘነችኝ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ይህን የሚያህል ልጅ እንዴት አድርጋ እንደወለደችው ለሐረር ሕዝብ ማስረዳት አለባት። ሱሪውም ይደርሳል። ወገቡን ለቀን ለቀን... ጨርቅ መቼም ይለቀቃል። የተለቀቀም መልሶ ይጠባል፤ መቀስ ካልነካው ሁሉም ይመለሳል። ከነካው በኋላ ነው እንጂ..."

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ከማዶ ሉል በመጀመሪያው ሳል ተሰናከለች። ከመጋረጃው አካባቢ ደግሞ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ከመድረክ ታግዶም በየቀኑ እየመጣ ለጓደኞቹ ቃላቸውን የሚያስታውሳቸው ዲሪዬ ነበር። የአዳራሹ ግድግዳ ቀጭን ነው።

"ሁለቴ ነው፣ ሉል። ጋሼ ሁለቴ ነው የሚስሉት። አትቀንሺ።"

የዋጠው ሳል የሺጥላን አሸነፈው። ሁለት ጊዜ ሳለ። እጁ፣ ሳያዘው፣ ወደ መነጽሩ ሄደ፤ ሌባ ጣቱ ገፋው።

ሱዕዲ ቀና አለች። ሣጥኑ ላይ የቆመውን ሰው ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ከራሱ እስከ መነጽሩ አየችው። ቀጥሎ ፊቷን በሙሉ በሻሿ ሸፍና ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ብርቄ ምንም አላየችም። ዓይኗ ደካማ ነው። ተነስታ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፣ መሳቢያውን ሳበች፣ ዘጋች።

"ሱሪው ይኸው፤ ሸሚዙ ነው የቀረኝ። ኮሌታው። ልኩን የማወጣበት ወረቀት አጣሁ እህቴ። ወረቀት እንዲህ ይጥፋ? ኬሪያ ስትነግረኝ ከግንቦት ጀምሮ ካርቦን እንኳ የለም፤ አንድ ነገር ቢተየብ ያው አንዱ ቅጂ ነው፤ እሱ ከጠፋ ጠፋ። አንቺ እንግዲህ ከደወሌ ጨርቅ ስታመጪ ምነው አንዲት ገጽ... ባይሆን የተጻፈበትም ይሆናል። ለኮሌታ ልክ የተጻፈው ምን እንደሆነ ማን ያነባል?"

መቀሱን በእጇ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ሱዕዲ አድርጋ፣ ጠበቀች። ብርቄ ዝም ብላ ስትጠብቅ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የሺጥላ ነገሩን እንዴት እንደወሰነ ኋላ ለራሱም በትክክል መናገር አልቻለም። ስፒሉ ነው ይላል አንዳንዴ። ያደረገው ይህ ነው፤ ክንዱን ዘረጋ፣ ከኮቱ ኪስ ደብዳቤውን አወጣ፣ አልገለጠውም፣ ለብርቄ ሰጣት። እሷም አልገለጠችውም። እንደታጠፈ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ በጠመኔ አንድ ቅስት ሣለችበት፣ ቆረጠችው። መቀሱ በፊርማው መሐል አለፈ።

ሜትር ወደ አንገቱ አላመጣችም። ልኩን በቃሏ ነው ያወጣችው፤ ሠላሳ ስድስት። የየሺጥላ አንገት አርባ አንድ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ስድስት አንገት ኖሮት ሱሪና ሸሚዝ የተለካው አንድ ሰው፣ ዲሪዬ ብቻ፣ እንደነበረ የሺጥላ ያውቃል።

ከዚያ ብርቄ ተንበርክካ ስፒሎቹን መንቀል ጀመረች። አንድ በአንድ፣ ሃያ ሦስቱንም። መልሳ አልሰካችም። ሱሪው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሱዕዲ በጨዋነት ፊቷን ግድግዳው ላይ አቆየች። የሺጥላ የራሱን ሱሪ ለበሰ፣ ኮቱን አጠለቀ፣ የባዶ ኪሱን አፍ በእጁ ዳሰሰ። ሰዓቱ ለዘጠኝ አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። ጽሕፈት ቤቱ ድረስ የስድስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ በእጁ የሚያቀርበው ወረቀት የለም፣ በአፉ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያለው። ምስጋና ይኖራል ብሎ በር ላይ ትንሽ ቆየ።

ብርቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችው። ከጉልበቷ ላይ የክር ቁርጥራጭ አራግፋ ተነሳች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ድምጿ ማር ሆነ።

"ሂዱ የኔ ጌታ፣ እግዚአብሔር ይከተልዎ። አፍዎን ያጣፍጥልዎ፣ የልብዎን ይሙላልዎ። ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ለዚህች ከተማ ልጆች ያኑርዎ። ያስተማሯቸው ሁሉ አድገው፣ ወልደው፣ ሰው ሆነው... በክፉ ቀን እርስዎ ለዲሪዬ የሆኑለትን እነሱም መልሰው ይሁኑልዎ። አንድ ሳይጨምሩ፣ አንድ ሳይቀንሱ። አሜን ይበሉ እንጂ የኔ ጌታ... ልክ እንደኔ።"